ብቻውን ዓለምን የዞረ፤ የካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም ታሪክ

ስለ ባሕር ጕዞ በተነሣ ቍጥር በትምህርት ቤት የሰማነው የኮሎምቦስን፥ የቫስኮ ዳ ጋማንና የማጄላንን ስም ነው። እነዚህ የንጉሥ ገንዘብና የንጉሥ ደብዳቤ ይዘው፥ ጭፍራ አስከትለው የወጡ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ታሪኩን የማቀርብላችሁን ሰው ግን ንጉሥ አልላከውም፤ ጭፍራም አልነበረውም። ጀልባውን በገዛ እጁ ሠርቶ፥ ብቻውን ተሳፍሮ፥ ከ1895 እስከ 1898 ድረስ ዓለምን በሸራ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ስሙ ጆሹዋ ስሎከም ይባላል። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆነ አንባቢ ይህን ያስታውስልኝ።

ፎንቆ ተወልዶ፥ ከቦዮ ሐይቅ የሚበልጥ ውሃ ሳያይ ያደገ ሰው ስለ ውቅያኖስ ምን አገባው የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የስሎከም ታሪክ ግን የውሃ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ሙያ በዓይኑ ፊት ሲሞት ያየ ሰው ታሪክ ነው። እኛም ዲግሪ ይዘን ስንወጣ የተማርነው ሙያ ቆሞ ይጠብቀን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተማሪ በየዶርሙ ስላለ፥ ነገሩ ያን ያህል ሩቅ አይመስለኝም።

ስሎከም ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1844 በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ተወለደ። ወላጆቹ ዐሥራ አንድ ልጆች ሲወልዱ እርሱ አምስተኛው ነበር። አባቱ ገበሬ ነበረ፤ ኋላም እርሻውን ትቶ በባሕር ዳር በምትገኝ በአንዲት ትንሽ ደሴት የዓሣ አጥማጆችን ቡትስ ጫማ የሚሰፋ ሆነ። ልጁም ገና በዐሥር ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ከአባቱ ጋር ቆዳ ሲያለፋና ሲሰፋ ይውል ጀመር። አንድ ቀን ተደብቆ የእንጨት መርከብ ሲቀርጽ አባቱ ያዘውና መርከቢቱን ሰባብሮ እርሱንም ገረፈው ይባላል። በዐሥራ አራት ዓመቱ ጠፍቶ በአንዲት የዓሣ ጀልባ ላይ በወጥ ቤትነት ተቀጠረ፤ ግን ብዙ አልቆየም። በ1860 እናቱ በሞተች ጊዜ፥ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ፥ ቤቱን ለሁልጊዜ ትቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድገቱ ፈጣን ነው። ከተራ መርከበኛነት ወደ ምክትልነት፥ ከምክትልነት ወደ ካፒቴንነት ወጣ፤ የአሜሪካም ዜጋ ሆነ። የባሕር ሒሳቡን ሁሉ የተማረው ከሥራው በሚተርፈው ሰዓት ከመጽሐፍ ነው። በ1871 በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ቨርጂኒያ ዎከር የተባለች ወጣት አገባ። እርሷም ከሠርጓ ጀምሮ እስከ ሞቷ ድረስ ቤቷ መርከብ ሆነ። የወለደቻቸው ሰባት ልጆች የተወለዱት በባሕር ላይ ወይም በባዕድ ወደብ ነው፤ ለዐቅመ አዳም የደረሱት ግን አራቱ ብቻ ናቸው። ስሎከም በ1882 ገደማ ኖርዘርን ላይት የተባለች ትልቅ ባለ ሸራ መርከብ አዛዥና የድርሻ ባለቤት ሆነ። የክብሩ ጫፍ ይህ ነበር።

ነገር ግን ከዚህ ጫፍ በታች ያለው መሬት ተሸርሽሮ ነበር። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ። የቀይ ባሕር ነፋስ ለሸራ የማይመች በመሆኑ፥ ቦዩ የጠቀመው የእንፋሎት መርከቦችን ነው። በአፍሪቃ ደቡብ ዞሮ ሻይና ቅመም የሚያመጣ ባለ ሸራ መርከብ ሥራው በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። ለሸራ ካፒቴን የቀረው ርካሽ ጭነትና ከየወደቡ የሚለቃቀም መርከበኛ ነበር። ስሎከም እነዚህን መርከበኞች የገዛው በጽኑ እጅ ነው። ከኖርዘርን ላይት መኰንኖች አንዱን በሰንሰለት አስሮ በማቆየቱ በኒው ዮርክ ተከሶ 500 ዶላር ተቀጥቷል። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሁሉ ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ኋላ ብቻውን ለመሄድ የመረጠበት ምክንያት ከዚህ ፈጽሞ የራቀ አይመስለኝም።

ከዚያ መከራው ተደራረበ። በ1884 አኲድኔክ በተባለች አነስተኛ መርከብ ሳለ ቨርጂኒያ በቦነስ አይረስ ወደብ አረፈች፤ ዕድሜዋ 34 ነበር። ስሎከም ከሁለት ዓመት በኋላ የአጎቱን ልጅ ሄንሪዬታን አገባ። በ1887 ዐምፀው ሊገድሉት ከመጡ መርከበኞች አንዱን ተኵሶ ገደለ፥ ሁለተኛውን አቈሰለ፤ ፍርድ ቤትም በነጻ ለቀቀው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አኲድኔክ በብራዚል የባሕር ዳርቻ በአሸዋ ላይ ተሰበረች። ኢንሹራንስ አልነበራትም። ካፒቴኑ፥ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በባዕድ አገር ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቆንስል ደጅ ይጠና ነበር። ስሎከም ግን ከተሰበረችው መርከብ የተረፈውን እንጨትና ብረት ለቅሞ፥ ዐሥር ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያላት ጀልባ ሠራ። ወደ ውሃ የገባችው ሜይ 13 ቀን 1888 ነው። በዚያው ዕለት በብራዚል የባርያ ነጻነት ዐዋጅ ስለ ታወጀ፥ ስሟን ሊበርዳዴ፥ ማለትም ነጻነት፥ ብሎ ሰየማት። ሸራዋን የሰፋችው ሄንሪዬታ ናት። አራቱ ሰዎች በዚህች ጀልባ 5,500 ማይል ተጕዘው፥ በባርቤዶስና በፖርቶ ሪኮ በኩል አድርገው፥ በዚያው ዓመት አሜሪካ ገቡ። ስሎከም የካሪቢያንን ደሴቶች በትንሽ ጀልባ ያወቃቸው ያን ጊዜ ነው። ሄንሪዬታ ግን የባሕር ነገር በቃኝ ብላ ቀረች፤ ማን ይፈርድባታል?

እንግዲህ በአርባ ስምንት ዓመቱ ሥራ አጥቶ በቦስተን ወደብ ሲንከራተት፥ አንድ ጡረታ የወጣ የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን መርከብ ልስጥህ፥ ጥቂት ጥገና ብቻ ያስፈልጋታል አለው። ስሎከም በማግስቱ ፌርሄቨን ወደሚባለው መንደር ሄዶ ሲያይ፥ መርከብ የተባለችው ከባሕር ርቃ በሣር ሜዳ ላይ በድጋፍ የቆመች፥ የበሰበሰች የኦይስተር አጥማጅ ጀልባ ናት። የመንደሩ ሰው ሊፈልጣት የመጣ መስሎት ነበር። እርሱ ግን በአካባቢው ከበቀለው የኦክ ዛፍ ቈርጦ፥ አንዱን እንጨት እያወጣ በሌላ እየተካ፥ በ13 ወር ውስጥ ጀልባዋን እንደ ገና ሠራት። ወጪው 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነበር። ስሟ ስፕሬይ ነው። ርዝመቷ 11 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዷ 4 ሜትር ከ30 ያህል ይሆናል። ወደ ሆሣዕና የሚሄደውን ትልቅ አውቶቡስ ያሰበ ሰው ርዝመቷን አገኘው ማለት ነው።

አፕሪል 24 ቀን 1895 ከቦስተን ተነሣ፤ ዕድሜው 51 ነበር። የመጀመሪያ ዐሳቡ በጅብራልታር ገብቶ፥ በስዊዝ ቦይ አልፎ፥ በቀይ ባሕር መውረድ ነበር። ይህ ቢሆን ኖሮ በምጽዋ ፊት ለፊት ባለፈ። ነገር ግን በጅብራልታር ያሉ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መኰንኖች በዚያ መንገድ ብቻውን ለሚሄድ ሰው የባሕር ወንበዴ አያሳልፈውም ብለው መከሩት። ስለዚህ መላ ዕቅዱን ገልብጦ አትላንቲክን ለሁለተኛ ጊዜ ተሻገረና ዓለምን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለመዞር ቈረጠ። የሚያስቀው ነገር፥ ወንበዴ ሸሽቶ ከጅብራልታር እንደ ወጣ የሞሮኮ ወንበዴዎች በጀልባ ተከተሉት። ሊደርሱበት ጥቂት ሲቀራቸው ድንገተኛ ነፋስ መጥቶ የእነርሱን ምሰሶ ሰበረና ዳነ።

አባቶቻችን በዐድዋ በተዋጉበት ዕለት፥ በእኛ አቈጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888፥ ይህ ሰው በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በማጄላን የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ከነፋስ ጋር ይታገል ነበር። በዚያ ቦታ ስለ ተጠቀመበት የምንጣፍ ሚስማር ብዙ ተወርቷል። አንድ ካፒቴን በሰጠው ምክር፥ ሲተኛ ሚስማሩን ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ በጀልባው ወለል ላይ በተነው። ሌሊት ሊዘርፉት የወጡት የአገሩ ተወላጆች በባዶ እግራቸው ስለ ረገጡት እየጮሁ ወደ ውሃ ዘለሉ። ምዕራባውያን አንባቢዎች በዚህ ይሥቃሉ። እነዚያ ባዶ እግሮች ግን በግ አርቢ ነጮች አገራቸውን እየቀሙ በሚያጠፉት ሕዝብ ላይ የነበሩ እግሮች ናቸው። በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው እዚህ ላይ ሣቁ አይመጣለትም።

በጀልባ ላይ የነበረው ኑሮ ምን ይመስል ነበር? ምግቡ ጠንካራ የመርከብ ብስኩት፥ በጨው የደረቀ ዓሣ፥ ድንችና ቡና ነበር። ብስኩቱ ብዙ ወር ይቈያል፤ በጕድጓድ ተቀብሮ የሚቈየውን ቆጯችንን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሌሊት ሌሊት የሚበርሩ ዓሦች ወለሉ ላይ ወድቀው ሲያድሩ ጠዋት ቍርሱ እነርሱ ይሆናሉ። ጀልባዋ እጅግ ሚዛኗን የጠበቀች ስለ ሆነች፥ ሸራውን አስተካክሎ መሪውን ካሰረው በኋላ ራሷ መንገዷን ትይዛለች፤ እርሱም ገብቶ መጽሐፉን ያነባል። ከአውስትራሊያ ሰሜን ካለችው ከተርስዴይ ደሴት እስከ ኮኮስ ደሴቶች ድረስ 2,700 ማይል በ23 ቀን ሲሄድ፥ መሪውን በእጁ የያዘው በጠቅላላው ከሦስት ሰዓት ያነሰ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በአዞርስ አጠገብ የሰጡትን ፕለምና ትኵስ አይብ በልቶ ሆዱን ሲቈርጠው ወለል ላይ ተዘረጋ። በትኵሳቱም መካከል የኮሎምቦስ መርከብ ነጂ የሆነ ረጅም ሰው መሪውን ይዞ ሲነዳለት አየ። ሲነቃ ጀልባዋ ሌሊቱን በሙሉ መንገዷን ሳትስት ሄዳ አገኛት። በሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴት ደግሞ ለሰዎቹ በሞራ የተጠበሰ ዶናት አሠራር አስተማራቸው። እነርሱም ሞራውን ገዝተው በአሮጌ ሳንቲም ከፈሉት።

ስለ ሰዓቱ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በባሕር ላይ ኬክሮስን ማወቅ ቀላል ነው፤ በቀትር የፀሓይን ከፍታ መለካት ይበቃል። ኬንትሮስን ለማወቅ ግን የታወቀ የአንድ ቦታ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፥ አራት ደቂቃ የሳተ ሰው አንድ ዲግሪ ይስታል፤ ይህም በምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ መርከበኞች እጅግ ውድ የሆነ ሰዓት ይይዛሉ። ስሎከም የራሱን ለማሳደስ 15 ዶላር ስለ ተጠየቀ ትቶት ሄደ፤ በምትኩ ፊቱ የተሰነጠቀ የቆርቆሮ ሰዓት በአንድ ዶላር ገዛ። ኋላ የደቂቃው ቈጣሪም ወደቀበት። ታዲያ መንገዱን ያገኘው እንዴት ነው? በሰላማዊ ውቅያኖስ ጨረቃ ከፀሓይ ያላትን ርቀት ለካና በአሮጌው ዘዴ ሒሳቡን አወጣ። ሒሳቡ ከግምቱ ጋር አልስማማ ባለው ጊዜ የሒሳብ ሠንጠረዡን መረመረና ስሕተቱን ከታተመው መጽሐፍ ውስጥ አገኘ። ካረመው በኋላ ደሴቲቱ ባሰላበት ቦታ ታየችው። ይህ ሰው ከሦስተኛ ክፍል በላይ የተማረ አልነበረም።

ሳሞአን፥ አውስትራሊያን፥ ሞሪሸስንና ደቡብ አፍሪቃን አለፈ። በፕሪቶሪያ ፕሬዚዳንት ክሩገር ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለው ስለሚያምኑ በዓለም ዙሪያ መጓዝ አይቻልም ብለው ተቈጥተውታል። ከዚያም በሴንት ሄሌና ደሴት አንድ አሜሪካዊ ለጓደኝነት ፍየል ሰጠው። ከመከራው ሁሉ የከፋው ይህ ሆነ። ፍየሉ ገመዱን በላ፥ ባርኔጣውን በላ፥ በመጨረሻም ስሎከም ያለውን አንድያ የካሪቢያን ባሕር ካርታ በላ። ስሎከምም ፍየሉን በአሴንሽን ደሴት አወረደው፤ ካርታው ግን አብሮት ወረደ።

ካሪቢያን ያለ ካርታ የሚገባበት ባሕር አይደለም። የንግድ ነፋስ የተባለው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ሳያቋርጥ ስለሚነፍስ መንገዱ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በደሴቶቹ ዙሪያ ውሃው ስር የተደበቀ የኮራል አለት አለ፤ የባሕሩም ጅረት ጀልባን ሳይታወቅ ይገፋል። ስሎከም ከማስታወስ በቀር ምንም አልነበረውም። ይባስ ብሎ አሜሪካና እስፓንያ መዋጋት ጀምረዋል። ሜይ 14 ቀን 1898 ከኋላው ኦሬጎን የተባለችው ትልቅ የአሜሪካ የጦር መርከብ ደረሰችና የጠላት መርከብ አይተህ እንደ ሆነ ብላ በባንዲራ ምልክት ጠየቀችው። እርሱም አላየሁም ብሎ መልሶ፥ ለጋራ ደኅንነታችን አብረን እንሂድ የሚል ምልክት ሰቀለ። መርከቢቱ መልስ ሳትሰጥ አለፈች። ከጥቂት ቀን በኋላ በቶቤጎ አጠገብ ሌሊት፥ ከፊቱ ማዕበል በአለት ላይ ሲፈነዳ የሚመስል ነጭ ብልጭታ አየ። ጀልባውን አዙሮ ሲሸሽ አሁንም ያየዋል፤ ካርታ የለውም፤ ያን ፍየል እየረገመ ብዙ ሰዓት ተጨነቀ። በመጨረሻ አንድ ከፍ ያለ ማዕበል ስፕሬይን ሲያነሣት፥ ያየው በትሪኒዳድ ያለው የመርከብ መብራት በማዕበሉ ላይ ሲያንጸባርቅ መሆኑን ተረዳ። አለት የሚባል ነገር አልነበረም።

በግሬናዳ፥ በዶሚኒካና በአንቲጓ ዐረፈ፤ ስለ ጕዞውም ለሕዝብ ንግግር እያደረገ ጥቂት ገንዘብ አገኘ። ከዚያም ወደ ሰሜን ሲሄድ ነፋሱ ፈጽሞ ጠፋ። ለስምንት ቀን ባሕሩ ከመርጋቱ የተነሣ ሌሊት በወለሉ ላይ ሻማ አብርቶ ያነብ ነበር። ጁን 27 ቀን 1898 ሌሊት፥ ለጦርነቱ ፈንጂ በተቀበረበት በኒውፖርት ወደብ በድንጋዩ ጥግ ጥግ ሾልኮ ገባ። የሄደው 46,000 ማይል ነው። አዲስ አበባና ሆሣዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፥ ይህን መንገድ ከ300 ጊዜ በላይ እንደ መሄድ ይቈጠራል። የፈጀበት ጊዜ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ነበር። ጋዜጦች ሁሉ በጦርነቱ ወሬ ስለ ተጠመዱ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ዝና ያገኘው በ1900 የታተመው መጽሐፉ ነው። ቋንቋው ያልተኳሸ፥ ቀልዱም ደረቅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ትምህርታችን እንድናነብ ከሚሰጡን አንዳንድ ረጃጅም ልብ ወለዶች ይልቅ እርሱን ብናነብ እመርጥ ነበር።

በመጽሐፉ ገንዘብ ማርታስ ቪንያርድ በተባለችው ደሴት እርሻ ገዝቶ ከሄንሪዬታ ጋር ለመኖር ሞከረ። አልሆነለትም። ከ1905 ጀምሮ ክረምት በመጣ ቍጥር በስፕሬይ ወደ ጃማይካና ወደ ግራንድ ኬይማን ይወርድ ጀመር። ሀሪኬን የተባለው ማዕበል የሚበረታው ከጁን እስከ ኖቬምበር ስለ ሆነ፥ ኖቬምበር ላይ ተነሥቶ በጸደይ ይመለሳል። በዚያ ዛጎልና ኮራል ይለቅማል፥ መጽሐፉን በየወደቡ ይሸጣል። ያዩት ሰዎች ስፕሬይ እንደ ጥንቱ እንዳልተጠበቀችና ገመዷም እንዳረጀ ጽፈዋል። በ1906 ደግሞ በኒው ጀርዚ በምትገኝ በአንዲት ከተማ የ12 ዓመት ልጅ አስነውረሃል ተብሎ ተከሰሰ። ከባዱ ክስ ተነሥቶ በቀላሉ ላይ አልከራከርም ስላለ፥ 42 ቀን ታስሮ ተለቀቀ፤ ወደዚያች ከተማም እንዳይመለስ ዳኛው አዘዙት። ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከካሪቢያን ያመጣውን የኦርኪድ አበባ ያደረሰው ከዚያው ከእስር ቤት እንደ ወጣ ነው። ሁለቱም የሆኑት በአንድ በጋ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ጽፎ ሌላውን መደበቅ ተገቢ አይደለም።

የመጨረሻ ዕቅዱ ከሁሉ የሚያስደንቀው ነው። በካሪቢያን በኩል ወደ ቬኔዙዌላ ወርዶ፥ በኦሪኖኮ ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ፥ ወደ ሪዮ ኔግሮ ተሻግሮ፥ በአማዞን ወደ ውቅያኖስ ሊወርድ ዐሰበ። ይህ የሚቻለው ካሲኪያሬ የተባለ፥ የሰው እጅ ያልቈፈረው ቦይ ሁለቱን ታላላቅ ወንዞች በደን ውስጥ ስለሚያገናኛቸው ነው። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመገመት፥ የሐድያ ከፍታ ወደ ምሥራቅ ውሃውን ለብላቴ፥ ወደ ምዕራብ ለጊቤ እንደሚያካፍል ያስብ፤ ከዚያም አንድ ጀልባ ከአባያ ሐይቅ ተነሥቶ በብላቴ ሽቅብ፥ በጊቤና በኦሞ ቍልቍል ቱርካና ሲደርስ ይታየው። በእኛ አገር ተራራው አይፈቅድም፤ በዚያ ግን ምድሩ ሜዳ ነው። ጊዜውን እንደ ልማዱ ከሀሪኬን ወራት በኋላ አደረገው፤ የሰሜኑ ነፋስ ወደ ደቡብ ይገፋዋል፥ ከዚያም የንግድ ነፋስ ይቀበለዋል። ዕድሜው 65 ደርሶ ነበር። የሚገርመው፥ ዕድሜውን በሙሉ በውሃ ላይ የኖረው ይህ ሰው ዋና አይችልም ነበር።

ከቪንያርድ ሄቨን ወደብ ሸራውን ዘርግቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እርሱንም ስፕሬይንም ያየ የለም። አንዳንዶች ሌሊት በእንፋሎት መርከብ ተገጭቶ ይሆናል ይላሉ፤ በዚያ የመርከብ መንገድ ላይ ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። ሌሎች ያረጁ ሳንቃዎቿ ተለያይተው ይሆናል ይላሉ። ቤተ ሰቡ ዓመታት ጠበቀ። በመጨረሻ በ1924 የማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም በባሕር ላይ እንደ ሞተ ፈረደና የሞቱን ቀን ወደብ ለቅቆ የወጣበት ቀን ነው ብሎ ኖቬምበር 14 ቀን 1909 አድርጎ መዘገበው።